ጥቁሩ መስኮት ኤክሴልን ሲጠራ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከታች ባንክና ካፌ ከላይ ቢሮ የሆኑ ሕንፃዎች ተደርድረዋል። ከእነዚህ ቢሮዎች ሶፍትዌር በሚሠራ በአንዱ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ የተቀመጠ ወጣት ብታዩ፣ ስክሪኑ ላይ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ጎን ለጎን መኖራቸው የተለመደ ነው። በአንድ ወገን ጽሑፍ ብቻ የሚታይበት ጥቁር መስኮት አለ፤ ሊኑክስ ነው፣ ወይም ሊኑክስ የሚመስል ነገር። በሌላው ወገን ደንበኛው የላከው የኤክሴል ሠንጠረዥ ተከፍቷል። ልጁ ጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ ቃል ይጽፋል፣ ኢንተር ይመታል፣ ሌላ ኤክሴል ይከፈታል። ማውስ አልነካም፤ ፎልደር በፎልደር እየከፈተም አልወረደም።

ይህ አሠራር ያለብዙ ጣጣ ለማንኛውም የዊንዶውስ ተጠቃሚ የተዳረሰው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ነው። በየሥልጠናው ሲነሣም የሚወደሰው ፍጥነቱ ነው። እኔ ግን ፍጥነቱ የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው ባይ ነኝ። ፕሮግራም ማስነሣት ቀላል ነው፤ ከባዱ ለተነሣው ፕሮግራም የፋይሉን ስምና ይዘት ሳይበላሽ ማስረከብ ነው። ስሙ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጣጣው የእኛ ብቻ ይሆናል፤ በማይክሮሶፍት ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሬድመንድ የተቀመጠ መሐንዲስ በየቀኑ የሚገጥመው ዓይነት አይደለምና ማንም ቀድሞ አይፈትሽልንም።

በመጀመሪያ፣ ለምን ሁለቱም አስፈለጉ? ድረ ገጽም ሆነ የሞባይል መተግበሪያ ከጀርባው የሚሠራበት ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ ነው። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ሥራውን የሚሞክረው ሰርቨሩን በሚመስል ቦታ ቢሆን ይመርጣል። ደንበኛው ግን ዊንዶውስ ላይ ነው ያለው። ሒሳብ ክፍሉ ፒችትሪ ይጠቀማል። ፕሮግራሙ ሴጅ 50 ተብሎ ከተሰየመ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እዚህ አገር ግን አዲሱን ስም ከቁም ነገር የቆጠረው የለም፤ የሥራ ማስታወቂያውም ሲቪውም ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚለው። የግንባታ መሐንዲሱ አውቶካድና ኢታብስ ይዟል። ጸሐፊዋ ወርድ ላይ በፓወር ግዕዝ ትጽፋለች። እነዚህን ፋይሎች ሳይከፍት፣ ሳያይ፣ ሳያስተካክል ለእነዚህ ሰዎች ሶፍትዌር የሚሠራ የለም።

ሁለት ላፕቶፕ መያዝ አንድ መፍትሔ ይመስላል፤ ዋጋውን ያልጠየቀ ሰው መፍትሔ ነው እንጂ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀው ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ አዲሱም ያገለገለውም። ስለዚህ አንዱ ማሽን ሁለቱንም ሥራ መሥራት አለበት። የቀድሞው ዘዴ ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ጭኖ ሲነሣ አንዱን መምረጥ፣ ማለትም ዱዋል ቡት ነበር። ደንበኛ ስልክ ደውሎ “የላክሁልህን ኤክሴል አየኸው?” ሲል ሥራን ሁሉ ዘግቶ፣ ማሽኑን አጥፍቶ፣ በዊንዶውስ ማስነሣት ማለት ነው። ይህን ያደረገ ሰው ከሳምንት በኋላ አንዱን ሥርዓት ይተወዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተወውም ሊኑክሱን ነው።

ከዱዋል ቡት የሚያድን በነፃ የሚገኝ መሣሪያ ግን ቆየት ብሏል። ስቲቭ ቻምበርሌን የሚባል መሐንዲስ ሲግነስ ሶሉሽንስ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲግዊንን ጀመረ። ሐሳቡ የዩኒክስን ትእዛዞች ለዊንዶውስ እንደገና ኮምፓይል አድርጎ፣ መሐል ላይ አንድ አስተርጓሚ ላይብረሪ ማስቀመጥ ነበር። ኩባንያውን በኋላ ሬድ ሃት ጠቀለለው፤ ሲግዊን ግን እስካሁን አለ። በሲግዊን ውስጥ ያለው የትእዛዝ ተቀባይ፣ ባሽ፣ ራሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ሌላ የዊንዶውስ ፕሮግራም ለማስነሣት ድንበር አይሻገርም። ሲግስታርት የምትባለዋ ትንሽ ትእዛዝ ደግሞ አንድ ፋይል ላይ ሁለቴ ክሊክ ማድረግን ትተካለች፤ የፋይሉን ስም ትሰጧታላችሁ፣ ዊንዶውስ በየትኛው ፕሮግራም መከፈት እንዳለበት ራሱ ይፈርዳል። የወርዱን በወርድ፣ ምስሉን በምስል ማያው፣ ፎልደሩን በፎልደር መስኮት። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ የተሻለ የተገኘለት አይመስለኝም።

የሲግዊን ድክመቱ ዝግታው ነው። ዩኒክስ አዲስ ሥራ ሲጀምር ራሱን አባዝቶ ነው የሚጀምረው፤ ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ባህርይ ስለሌለው ሲግዊን ይህን በግድ ያስመስላል። ትንንሽ ትእዛዞችን በመቶ የሚጠራ ስክሪፕት ሲሄድ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከሲግዊን የተወለደው ጊት ባሽም ይህን ዕዳ ወርሷል። ቢሆንም የኮድ ለውጥ መከታተያውን ጊትን ዊንዶውስ ላይ የጫነ ሁሉ ባሽን አብሮ ስለሚያገኝ፣ ሊኑክስ እንማር ብለው ያልተነሡ ተማሪዎች ጭምር ጥቁሩን መስኮት የለመዱት በእርሱ በኩል ነው።

ማይክሮሶፍት ራሱ ወደዚህ ሜዳ የገባው መጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ነው። በ30ኛው ቀን፣ ቢልድ በተባለው ዓመታዊ ጉባኤው ላይ፣ ኡቡንቱን በዊንዶውስ ውስጥ እንደሚያስገባ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኩባንያው መሪ ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን ከካንሰር ጋር አነጻጽሮ ነበር። ለውጡን ፍቅር ብለው የተረጎሙት አሉ። ለእኔ ግን ሒሳብ ነው የሚመስለኝ፤ የሰርቨር ፕሮግራመሮች ማክ እየገዙ ነበር፣ ማይክሮሶፍትም አዙር በተባለው የደመና አገልግሎቱ ሊኑክስን ራሱ እያከራየ ነበር። ደንበኛው ሊኑክስ የሚፈልግ ከሆነ ዊንዶውስን ሳይለቅ ያግኘው ነው ነገሩ።

ደብሊውኤስኤል ተብሎ የሚጠራው ይህ ሥርዓት በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ለሁሉም ሲለቀቅ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው፤ ከሊኑክሱ ወገን ሆኖ የዊንዶውስ ፕሮግራም ማስነሣት አይቻልም ነበር። ችሎታው በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. በሙከራ እትም ላይ ታየ፤ በሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ማሻሻያ ለሁሉም ደረሰ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደብሊውኤስኤል መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ የሥራ መሣሪያ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

አሠራሩ የሚያስደስት ስለሆነ ጥቂት ላቆያችሁ። የዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል ሁሉ የሚጀምረው በሁለት የላቲን ፊደላት ነው፤ ኤም እና ዜድ። በዶስ ዘመን የፋይሉን ቅርጽ የነደፈው የማይክሮሶፍት ባለሙያ፣ የማርክ ዝቢኮውስኪ የስም መነሻዎች ናቸው። የሊኑክስ ከርነል ደግሞ ከድሮ ጀምሮ አንድ መዝገብ አለው፤ “ፋይሉ በእነዚህ ፊደላት ከጀመረ ለዚህኛው አስተናጋጅ ስጠው” የሚል ትእዛዝ ይመዘገብበታል። ደብሊውኤስኤል ሲነሣ በዚህ መዝገብ ላይ ኤም እና ዜድን ያስገባል። ልጁ የኤክሴልን ፕሮግራም ስም ጽፎ ኢንተር ሲመታ፣ ሊኑክሱ ፋይሉን ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ያያል፣ “የእኔ አይደለም” ይላል፣ ለአስተናጋጁ ያስረክባል። አስተናጋጁ ወደ ዊንዶውሱ ወገን መልእክት ይልካል፤ ፕሮግራሙን የሚያስነሣው ዊንዶውስ ነው። ሊኑክሱ ምንም አላሄደም፤ መልእክተኛ ልኮ መልሱን ይጠብቃል እንጂ። እዚያ ያለው ፕሮግራም የሚጽፈው ጽሑፍም በዚያው መንገድ ተመልሶ ጥቁሩ መስኮት ላይ ይታያል። ስለዚህ የዊንዶውስን የኔትወርክ መረጃ ጠርቶ በሊኑክስ መፈለጊያ ማጣራት ይቻላል። ዊንዶውስ በሌለበት ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያሄደው ዋይን፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው፣ መንገዱ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እርሱ ራሱ ዊንዶውስን ሊተካ ይሞክራል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነው። ጣጣው የሚጀምረው የፋይሉ ስም ሲታከልበት ነው። አንዱ ፋይል በሁለቱ ወገን ሁለት አድራሻ አለው። ዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ብሎ ጀምሮ ወደ ኋላ በተጋደመ እዝባር (\) ይለያል፤ ሊኑክሱ ወደ ፊት በተጋደመው (/)። ይባስ ብሎ ወደ ኋላ የተጋደመው ለባሽ ልዩ ትርጉም ስላለው፣ ከዊንዶውስ ኮፒ የተደረገ አድራሻ ያለ ጥቅስ ምልክት ከለጠፋችሁት እዝባሮቹን ሁሉ ይውጣቸውና የተጣበቀ አንድ ረዥም ቃል ያስቀራል። ስለዚህ ሁለቱም ሥርዓቶች አድራሻ ተርጓሚ አላቸው፤ ሲግዊን ሲግፓዝ፣ ደብሊውኤስኤል ደብሊውኤስኤልፓዝ።

ሊኑክሱ ውስጥ ያለ ፎልደር ደግሞ ለዊንዶውስ የሚታየው እንደ ኔትወርክ ላይ ያለ ማሽን ነው። የዊንዶውስ የድሮው የትእዛዝ መስኮት፣ ሲኤምዲ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ መሥራት አይችልም። ከዚያ ፎልደር ከጠራችሁት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ራሱን ወደ ዊንዶውስ የሥርዓት ፎልደር ያዛውራል፤ ከዚያ በኋላ አሁን ባለህበት አስቀምጥ ያላችሁት ሁሉ ያላሰባችሁት ቦታ ሊሄድ ይሞክራል። በእርሱ በኩል ፋይል ለመክፈት የምትጠሩት “ስታርት” ደግሞ መጀመሪያ በጥቅስ ውስጥ ያገኘውን ቃል የመስኮት ርዕስ ነው ብሎ ያስባል፤ የፋይሉን ስም በጥቅስ ብቻ ከሰጣችሁት ባዶ ጥቁር መስኮት ከፍቶላችሁ ይቆማል። የፎልደር መስኮቱ ፕሮግራም፣ ኤክስፕሎረር፣ በፈንታው ፋይሉን አሳምሮ ይከፍታል፤ ግን ሲጨርስ “አልተሳካም” የሚል ቁጥር ይመልሳል። ስሕተት ሲያይ እንዲቆም የተነገረው ስክሪፕት፣ ምንም ስሕተት ሳይኖር፣ እዚያ ላይ ይቆማል። እነዚህ ሁሉ በዓለም ያለ ፕሮግራመር የሚያማርርባቸው ናቸውና መድኃኒታቸውም በየቦታው አለ።

የእኛው ግን ሌላ ነው። ዊንዶውስ ከውስጡ ሁለት ሽፋን አለው። አዲሱ ሽፋን የዓለምን ፊደላት በአንድ መዝገብ በሚቆጥረው በዩኒኮድ ይሠራል፤ ግዕዝ በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ እዚያ ቦታ አለው። የድሮው ሽፋን ግን ኮድ ፔጅ በሚባሉ ሠንጠረዦች ነው የሚሠራው፤ አብዛኞቹ ሠንጠረዦች ከ256 የማይበልጥ ቦታ ያላቸው። ለዐረብኛ 1256፣ ለዕብራይስጥ 1255፣ ለሩሲያኛ 1251፣ ለግሪክ 1253፣ ለታይ 874 ተሰጥቷቸዋል። ለአማርኛ የተሰጠ የለም። በማይክሮሶፍት ሰነድ ላይ ከአማርኛ ፊት ለፊት ያለው የኮድ ፔጅ ቁጥር ዜሮ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ማባዛት ይበቃል፤ 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር። በሠንጠረዡ ላይ የእንግሊዝኛው ክፍል 128 ቦታ ቀድሞ ይዟል። አይገባም።

ስለማይገባም ነው በዘጠናዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የደበቁት፣ አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ የገጠሙት ወይም ፊደሉን በበርካታ ፎንቶች ላይ የበተኑት። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የተከፈተ የድሮ ደብዳቤ የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ያላየ የቢሮ ሠራተኛ አይኖርም። በዚያው ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት ሌላ መንገድ መረጠ፤ ፊደሉን በእንግሊዝኛ ሆሄያት ወክሎ በማንኛውም ማሽን፣ ዩኒክስም ይሁን ሌላ፣ ሳይበላሽ እንዲያልፍ ማድረግ። ድንበር ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ቀድመው የተረዱት እነርሱ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ጥቁሩ መስኮት እንመለስ። ሊኑክሱ ግዕዝን ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ክሊፕ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ የሰጡትን ጽሑፍ ወደ ኮፒ ማስቀመጫው ይወስዳል፣ ከዚያ ቴሌግራም ወይም ወርድ ላይ ፔስት ማድረግ ነው። ከሊኑክሱ ወገን “ሰላም” የሚለውን ቃል ወደ ክሊፕ ላኩና ወርድ ላይ ለጥፉት። የምታገኙት ሦስት ፊደል ሳይሆን ዘጠኝ ምልክት ነው፤ የጀርመን ፊደል፣ ቆብ የደፋ የፈረንሳይ ፊደል፣ ከፊል የጠቆረ ሳጥን፣ ሌላም ሌላም። ክሊፕ የድሮውን ሽፋን ስለሚከተል እያንዳንዷን ባይት ለብቻዋ እንደ አንድ ፊደል ቆጠራት። በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሰው ይህን ዕድሜውን ሁሉ ላያየው ይችላል፤ እንግሊዝኛ በሁለቱም ሠንጠረዦች አንድ ነውና። መድኃኒቱ ጽሑፉን ከመላክ በፊት አይኮንቭ በተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ወደ ዩቲኤፍ-16 መቀየር ነው። አንድ ትእዛዝ መጨመር ብቻ ነው፤ ግን የማያውቀው ሰው “አማርኛ አይሠራም” ብሎ ይደመድማል።

የፋይል ስም ላይ ሲሆን ይብሳል። በድሮው ሽፋን የተሠራ የዊንዶውስ ፕሮግራም የግዕዝ ስም ሲቀበል፣ ቦታ ያጣለትን እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት (?) ይተካል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ፈጽሞ የማይፈቀድ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይነሣል፣ በፍጥነትም ይነሣል፤ ከዚያ ፋይሉ የለም ይላል። ፋይሉ ዓይናችን ፊት አለ። ሲግዊን ራሱ እስከ 1.5 እትሙ ድረስ በዚሁ በድሮው ሽፋን ነበር የሚሠራው፤ በግዕዝ የተሰየመ ፋይል በእርሱ መክፈት አይታሰብም ነበር። በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.7 ወደ ዩኒኮዱ ሽፋን ሲሻገርና ዩቲኤፍ-8ን መነሻው ሲያደርግ ነው ነገሩ የተቃናው። ደብሊውኤስኤል ከተወለደ ጀምሮ ስሙን በዩኒኮድ ነው የሚያስረክበው። ድልድዩ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ጤናው የሚያጠራጥረው ተቀባዩ ፕሮግራም ነው።

ማየቱም ራሱ አስቸግሮ ነበር። ዊንዶውስ የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው፤ ኒያላ የተባለውን። የድሮው ጥቁር መስኮት ግን በተመደበለት ፎንት ውስጥ ያላገኘውን ፊደል ከሌላ ፎንት መዋስ ስለማይችል ፊደላችንን ባዶ ሳጥን አድርጎ ነበር የሚያሳየው። በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. 1.0 እትሙ የወጣው ዊንዶውስ ተርሚናል ይህን ፈታ። ያልፈታው ስፋቱን ነው። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ጠባብ ቤት ይመድባል፤ ለላቲን ልክ የሆነው ቤት ለ“ጨ” እና ለ“ሐ” አይበቃም፤ ይጨናነቃሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ይነበባል፤ አያምርም።

ደግሞ የርዝመት ነገር አለ። ዊንዶውስ ለአንድ ፋይል ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል። ሊኑክስም 255 ይላል፤ የሚቆጥረው ግን ባይት ነው። ለግዕዝ ሲካፈል 85 ፊደል ይሆናል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው። ለእኛ አንዱ የሌላው ሢሶ ነው። 85 ፊደል ማን ይጽፋል የሚል የመሥሪያ ቤት ፋይል አያያዝ አላየም፦ “የ2016 በጀት ዓመት የ3ኛ ሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ለሥራ አመራር ኮሚቴ የቀረበ ከአስተያየት በኋላ የተስተካከለ እንደገና የታየ የመጨረሻ የመጨረሻ የመጨረሻ” የሚል ስም ያለው ፋይል ከዴስክቶፑ ወደ ሊኑክሱ ቤት ኮፒ ሲደረግ “ስሙ ረዝሟል” ተብሎ ይመለሳል። የደብዳቤ ቁጥሮቻችንም እዝባር የበዛባቸው ናቸው፤ እዝባር ደግሞ በሁለቱም ሥርዓት ስም ውስጥ አይፈቀድም፤ ስካን የተደረገውን ደብዳቤ በቁጥሩ ልሰይመው ያለ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሁለት ነጥባችን (፡) ግን በሁለቱም ወገን ያልፋል፤ በእርሷ ፈንታ የእንግሊዝኛዋን (:) የተጠቀመ ሰው ሊኑክሱ ላይ ይሳካለታል፣ ዊንዶውሱ ላይ ይከለከላል። ጸሐፊዋ “ሀምሌ” ብላ ያስቀመጠችውን ፋይል “ሐምሌ” ብሎ የሚጠራ ፕሮግራመርም ሁለቱም ሥርዓቶች ዓይናቸውን ሳያሹ የለም ይሉታል። ለዚህ ታብ የምትባለዋን ቁልፍ መምታት ይሻላል፤ ስሙን ራሷ ትሞላዋለች።

ስለ ማሽኑ አቅምም መነሣት ያለበት ነገር አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የመጣው ሁለተኛው ደብሊውኤስኤል እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል በቨርቿል ማሽን ውስጥ ያሄዳል። ሳይገደብ ከተተወ የማሽኑን ሜሞሪ እስከ ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል። 8 ጊጋ ባለው ላፕቶፕ ላይ ይህ 4 ጊጋ ነው፤ ክሮምና ኤክሴል በቀረው ይሻማሉ። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ቨርቿላይዜሽን ከባዮሱ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። በየመጽሔቱና በየቪዲዮው ሁለተኛውን ተጠቀሙ የሚለው ምክር ለእኛ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። የመጀመሪያው ደብሊውኤስኤል ቨርቿል ማሽን አይፈልግም፤ ከዊንዶውስ ፋይሎች ጋር ሲሠራም ከሁለተኛው ይፈጥናል፤ ሁለተኛው ወደ ሲ ድራይቭ የሚደርሰው እንደ ኔትወርክ ባለ መንገድ ስለሆነ። ሥራው በዋናነት የደንበኛን ሰነድ መክፈት፣ ማጣራትና መመለስ ለሆነ ሰው አሮጌው እትም፣ ወይም ጭራሽ ጊት ባሽ፣ የተሻለ ነው። ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር የሚያሄደውን ዶከርን የሚፈልግ ሁለተኛውን ይያዝ፤ የሜሞሪ ጣሪያውን ግን በማዋቀሪያ ፋይል ዝቅ ያድርግ።

የልጁ አንድ ቃል ትእዛዝ ምን እንደሆነች አሁን መናገር ይቻላል። አራት መስመር የማትሞላ ስክሪፕት ናት። የፋይሉን ስም ትቀበላለች፤ በደብሊውኤስኤልፓዝ ወደ ዊንዶውስ አድራሻ ትለውጣለች፤ በጥቅስ ሸፍና ለኤክስፕሎረር ትሰጣለች፤ ኤክስፕሎረር የሚመልሰውን የውሸት የስሕተት ቁጥር ችላ ብላ ትወጣለች። ሲኤምዲ በመሐል ስለሌለ የኔትወርኩ ፎልደር ጣጣም የመስኮት ርዕሱ ጣጣም አይመጣም። ሊኑክስ ለትእዛዝ ስም የፊደል አድልዎ ስለማያደርግ “ክፈት” ብሎ መሰየምም ይቻላል። አምሮ ይታያል፤ ግን ለአንድ ቃል ኪቦርድ ቀይሮ መመለስ ከማውሱ አይፈጥንምና ብዙዎቹ በሁለት የላቲን ፊደል ይሰይሙታል። አልፈርድባቸውም።

ግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት የደብሊውኤስኤልን አብዛኛውን ኮድ ለሕዝብ ከፈተ። ይህ ለእኛ ከማስታወቂያነት ያለፈ ትርጉም ያለው ይመስለኛል፤ ድልድዩ ላይ ግዕዝን የሚጎዳ ነገር ሲገኝ ቅሬታ ከመላክ ባሻገር ማረሚያውን ጽፎ ማቅረብ ይቻላል። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው ከአገር ውስጥም ከውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተከራክረው ነው፤ ያኔ ከነበረው ይልቅ ዛሬ ኦሎምፒያ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ያለው ልጅ ለኮዱ ቅርብ ነው። ክሊፕ ግን በዚያ ውስጥ የለም፤ የዊንዶውሱ የራሱ ክፍል ነው።

ለእርሱ ማይክሮሶፍት ያስቀመጠው መውጫ ሌላ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ፣ በቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ ገባ ተብሎ የሚገኝ፣ ዛሬም “ቤታ” የሚል ምልክት ያለበት አንድ ሳጥን አለ። ምልክት ካደረጋችሁበት የድሮው ሽፋን ራሱ ዩቲኤፍ-8 መናገር ይጀምራል፤ አብዛኛው የጥያቄ ምልክትና ዝብርቅርቅ ይጠፋል። ሆኖም 256ቱን ቦታ ታሳቢ አድርገው የተሠሩ አሮጌ ፕሮግራሞች በዚህ ሊሰናከሉ ይችላሉ፤ የሒሳብና የክምችት ፕሮግራሞች ውስጥ ደግሞ አሮጌ ብዙ ነው። ኮድ ብቻ የሚጽፍ ሰው ሳጥኑን ቢያበራ ችግር የለበትም። በዚያው ላፕቶፕ የደንበኛን ሒሳብ የሚከፍት ግን ከማብራቱ በፊት ዳታውን ባክአፕ ያድርግ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ፕሮግራም ከፍቶ ደረሰኝ እስከ ማተም ድረስ ይሞክረው። አንዱ እንኳ ካነከሰ ሳጥኑን አጥፍቶ አይኮንቭን ስክሪፕቱ ውስጥ ማስቀረት ነው።